በእህቴ ወር ያጓራ መኪና

አባባ ፒክአፑን የገዛው ሱቁን ከዘጋ በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ሱቁን ለሌላ አስረከበና አዲስ አበባ ሄዶ ነጭ ደብል ጋቢና ይዞ መጣ። ይዞ መጣ ስል እሱ አልነዳም፤ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ነድቶ ያመጣው የታናሽ እህቴ ባል ነው። አባባ ጎኑ ተቀምጦ፣ ከአምቦ ጀምሮ «ቀስ በል» እያለ እንዳሰለቸው ሲነገር እንስቅ ነበር።

መኪናውን የሸጠለት ኩባንያ ለአዲስ መኪና ከሚሰጠው ዋስትና ሌላ፣ አባባ ተጨማሪ ከፍሎ ዋስትናውን አስረዝሞታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ሰው ጨርቄን እያሸ ቀለሙ ይለቅ ይሆን እያለ ስንት ዘመን ጠረጠረኝ። አሁን የመጠርጠር ተራው የእኔ ነው» አለኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የሚለውን ተረት ሱቁ ውስጥ ሲደጋግመው ነው ያደግነው።

ዋስትናው የሚጸናው ግን ከኩባንያው መካኒክ በቀር ሌላ እጅ ካልነካው ነው። ስለዚህ ነቀምቴ ውስጥ ኮፈኑ እንዳይከፈት ተብሎ ተከለከለ። ዘይት ለመቀየር እንኳን አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ ነበር። የከተማችን መካኒኮች መኪናው በፊታቸው ሲያልፍ፣ «ይሄ በሽተኛ ሪፈር ካልተጻፈለት አይታከምም» እያሉ ይቀልዱበታል። አባባ ይሰማል፤ ግድ አልነበረውም።

አባባ ሲያርፍ የዋስትናው ጊዜ ገና ነበር። እናታችን ቀድማው ሄዳለች፤ ልጆቹ እኔና እህቴ ብቻ ነን። የቀረውን ነገር ተስማምተን ተካፈልን። መኪናውን ግን ለሁለት መክፈል አይቻልም፣ እንሽጠው የሚልም ከሁለታችን አልተገኘም። አንድ ወር እሷ፣ አንድ ወር እኔ እንድንይዘው ተስማማን።

እኔ የምኖረው እዚሁ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል ይሠራል፤ ተወልዶ ያደገው ኪራሙ ነው፣ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። እህቴ ጊምቢ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የእሷ ባል ከገበሬ ቡና እየሰበሰበ ለነጋዴ ያቀርባል፤ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው። ወሩ ሲያልቅ፣ መኪናው ያለው እህቴ ጋ ከሆነ ቅዳሜ ይዛው ትመጣለች፤ እኔ ጋ ከሆነ አውቶቡስ ተሳፍራ መጥታ ትወስደዋለች።

መጀመሪያ ላይ ሰላም ነበር። አንድ ጊዜ የኋላ መስታወት አልወጣ አለ፤ ኩባንያው ሠራው። ሌላ ጊዜ መሪው ወደ ግራ መጎተት ጀመረ፤ ኩባንያው ሠራው። በማን ወር ተበላሸ ብሎ የጠየቀ የለም። ዋስትናው እስካለ ድረስ ጥፋት ባለቤት አልነበረውም።

የመጨረሻው ዓመት ሲገባ ነው ነገሩ የተለወጠው። እህቴ አንድ ቀን ደወለችና ከልጆቼ ጤንነት ቀጥላ፣ «ዋስትናው የሚያልቀው መቼ ነበር?» አለችኝ።

«ወረቀቱ አንቺ ጋ አይደለም እንዴ?»

«ለማረጋገጥ ብዬ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምኑን ነው የምታረጋግጠው እያልኩ ዋልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናውን አምጥታ ቁልፉን ሰጠችኝና ቶሎ ሄደች። ምሳ እንኳን አልበላችም። ማግስቱን ወደ አርጆ መንገድ ትንሽ ወጣ ብዬ ስነዳ ድምፁን ሰማሁት። ከኋላ፣ ከጎማው በኩል፣ ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ ዓይነት ነው። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፤ ስቀንስ ይቀንሳል። መንገድ ዳር አቁሜ ደወልኩላት።

«መኪናው ከኋላ ያጓራል።»

«እኔ ጋ አላጓራም።»

«አሁን ያጓራል እኮ ነው የምልሽ።»

«አሁን ያለው አንቺ ጋ ነዋ፣ እትዬ።»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ቡና ጭነውበት ይሆናላ» አለ። «ቡና ነጋዴ እጅ የገባ ፒክአፕ ምን ተስፋ አለው?»

ሐሳቡ ጭንቅላቴ ውስጥ ቤት ሠራ። በበነጋው የኋላውን መዝጊያ ወደ ታች አውርጄ ስንጥቁን ስመረምር፣ እውነትም ጥሬ ቡና አገኘሁ። ፍሬዎቹን በጣቴ እየፈለቀቅሁ አወጣኋቸውና በመሀረብ ቋጠርኳቸው። ማግኘቴን ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ስንነጋገር ግን ስለ ቡና ጭነት እንደዋዛ ጣል አደርጋለሁ። ለባለቤቴ ሳሳየው ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ሲመጣ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ዙሪያውን እዞረው ጀመር። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከመጣ፣ የነዳው ረጅሙ ባሏ ነው ማለት ነው። ወደ ፊት ተስቦ ከመጣ ደግሞ እኔን ለማታለል አስተካክለውታል ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ታጥቦ፣ ጎማው ሳይቀር ጠቁሮ አብረቅርቆ መጣ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ደብተር ሳይ የተገለበጠ መሆኑን አውቃለሁ። ታጥቦ የመጣ መኪናም እንደዚያው ነው የመሰለኝ።

እህቴም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ልትወስደው በመጣች ቁጥር ጋቢናውን ከፍታ ምንጣፉን ታሻለች፣ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። አንድ ጊዜ ጣቷን በመቀመጫው ሥር አሳልፋ አወጣችና አሳየችኝ።

«ይሄ ግራጫ አቧራ ምንድን ነው?»

«የመንገድ አቧራ ነዋ።»

«የእኛ መንገድ አፈሩ ቀይ ነው።»

«የእኛስ ምን ሊሆን ነው?»

«ታዲያ ግራጫው ከየት መጣ?»

ነገር ልታዞርብኝ ነው አልኩ በሆዴ። ጣቷን በሶፍት ጠርጋ ሶፍቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቡናውን እኔ በመሀረብ ቋጥሬ እንዳስቀመጥኩ ትዝ አለኝና ፊቴን አዞርኩ።

በዚህ መሀል ሁለታችንም አንድ ዓይነት ብልሃት ይዘናል። መኪናው የሚሰበር ከሆነ በእኔ ወር አይሰበር ነው ብልሃቱ። በእኔ ወር ግቢ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ ትምህርት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። ጊምቢ ያለች የድሮ ተማሪዬ እንደነገረችኝ፣ እህቴም በእሷ ወር ጤና ጣቢያ የምትሄደው በባጃጅ ነው። ድምፁ ግን ከወር ወር ይብሳል። ሁለታችንም የማንነዳው መኪና እንዴት እያረጀ እንደሚሄድ የሚገባኝ አልነበረም። ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ፣ «አሁንም እየጫኑበት ነው» እለዋለሁ። እሱም፣ «ሰው ለጥቅሙ ሲሆን ምን ይሉኝታ አለው» ይለኛል፤ ወይም «አማኝ ነኝ ባይ ሁሉ» ብሎ ይተወዋል።

የዋስትናው ቀን ሲቃረብ መኪናውን ኩባንያው ጋ መውሰድ ግድ ሆነ። እህቴ ብቻዬን እንድሄድ አልፈለገችም፤ ጥፋቱን በእሷ ላይ አሳብቤ የማስመዘግብባት መስሏታል። እኔም ብቻዋን እንድትሄድ አልፈለግሁም፤ ምን ብላ እንደምትመጣ አላውቅማ። የትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን ፈቃድ ወሰደችና አብረን እንድንሄድ ተስማማን። እንደተለመደው መንገዱ ሰላም መሆኑን ለሚያውቁት ደዋውለን አረጋግጠን፣ ጠዋት ተነሳን።

እስከ ባኮ እኔ ነዳሁ። እህቴ መዝሙር ከፍ አድርጋ ከፍታለች። ድምፁን ላለመስማት እንደሆነ ገብቶኛል። ከባኮ መሪውን እሷ ያዘች። አምቦን ስናልፍ እጇን ዘርግታ መዝሙሩን ዘጋችው። ራሷን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ሰማሁት» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ከሰማሁት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እኔም ያኔ ሰምቼው ነበር» አለች። መዝሙሩን እስከ አዲስ አበባ መልሳ አልከፈተችውም።

የኩባንያው ጋራዥ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ ደንበኛው በመስታወት ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። መኪናችን ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ከሩቅ ሳየው የአባባ መኪና አልመስል አለኝ፤ ሆዱን አይቼው አላውቅም ነበር። ባለሙያው ሥሩ ሲመላለስ ቆይቶ ጠራንና እኛም ሥሩ ገብተን ቆምን።

«ይሄ ባሌስትራ ነው» አለ፣ በላይ በላዩ የተደራረበውን የብረት ዝርግ እያሳየን። «ጎበጥ ብሎ ነበር መሆን ያለበት። እዩት፣ ተዘርግቷል። የሚጮኸው ደግሞ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፣ ተበልቷል። መኪናው ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። አንዴ ሁለቴ ሳይሆን ደጋግሞ።»

«ታዲያ ዋስትና አለው እኮ» አለች እህቴ።

«ለጭነት ጉዳት አይሆንም።»

የጠበቅሁት ሰዓት ደረሰ። እህቴ ባለችበት፣ በሰው ፊት፣ «የተጫነበት ቡና ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እህቴ ወደ እኔ ስትዞር በጎን አየኋት።

«ቡና?» አለ ባለሙያው ግራ ተጋብቶ። መኪናውን ዝቅ አስደረገና የኋላውን መዝጊያ ከፈተ። የጭነቱን ቦታ የሸፈነውን ወፍራም ላስቲክ ከጥጉ ይዞ ሲገልጠው ተንቀጫቀጨ። ላስቲኩ ሥር ግራጫ ቅርፊት ወለሉ ላይ ተጋግሮ ደርቋል። በመፍቻ መታ መታ አደረገው።

«ሲሚንቶ ነው። ከረጢቱ ተቀዶ ፈሶ፣ ውሃ ሲነካው ደርቋል። ይሄ ደግሞ አሸዋ ነው፤ ይሄ ጭረት የድንጋይ ነው።»

እህቴ ቅርፊቱን በጥፍሯ ነካችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ «እኛ ቤት እየሠራን አይደለም» አለችኝ።

እኔም ቤት እየሠራሁ አልነበረም። የሚሠራው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኪራሙ ሰላም ጠፍቶ ነገሩ ሲበላሽ ከብቱንና ያልተሰበሰበ በቆሎውን ትቶ፣ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ነቀምቴ ገባ። ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሲቸገሩ ከርመው ከከተማው ዳር ትንሽ ቦታ አግኝተው፣ ሸራ ወጥረው እዚያው እየኖሩ ሁለት ክፍል ቤት ጀመሩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ዕቃ ለማመላለስ መኪናውን ጠይቆኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ግማሹ የእህቴ ነው፣ ጭነት ከጫንክበት ዋስትናው ይፈርሳል አልኩት። «ይሁን፣ ኢሱዙ እንከራያለን» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስቶት አያውቅም።

ያን ቀን ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ መልስ ሆነ። መኪናው እያጓራ ይሄዳል።  ባኮ ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። ሽሮው መጥቶ እጃችንን ሳንዘረጋ፣ «ባልሽ ነው?» አለችኝ።

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል? የእኔ ባል ሲሆን እኮ አይመስልሽም ነበር። ታውቂ ነበር።»

ቦርሳዬን ከፍቼ መሀረቡን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ይዤው የሄድኩት ለማስረጃ ነበር። «ይሄንን ከመዝጊያው ስንጥቅ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አልኳት። ራሴን ለመከላከል ነው እንጂ ምንም እንደማይጠቅመኝ እያወቅሁ ነበር።

እህቴ የቡናውን ፍሬዎች አየቻቸው። «በፋሲካ የላክንልሽ ቡና ነው። የከረጢቱ አፍ ተፈትቶ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ለቅመን ነው ያደረስንልሽ። ማን ጠጣው እሱን?»

እኔና ባለቤቴ ነን የጠጣነው።

«ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት» ብላ ቀጠለች። «አንቺ እንደዋዛ ጣል በምታደርጊያት ነገር ምክንያት ባሌን ሁለት ጊዜ ቡና ጫንክ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ከማዕድ ተነስቶ ወጣ። በሁለተኛው በእናቱ ማለልኝ። እትዬ፣ እኛ አንምልም እኮ። አስቢው፣ ምሎ የማያውቅ ሰው በእናቱ ሲምልልሽ። ታዲያ አመንኩት? አላመንኩትም። እሱ ሲተኛ ጆንያ እየቆጠርኩ ነበር።»

ሽሮው ቀዘቀዘ። አስተናጋጇ መጥታ፣ «ማል ታኤ? ምነው አልተስማማችሁም እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ስለ ሽሮው ነበር የጠየቀችው። እህቴ «ጥሩ ነው፣ ገለቶሚ» ብላ አመሰገነቻትና መብላት ጀመረች። ነቀምቴ ስንደርስ ቤት አልገባም አለች። መናኸሪያ አውርጃት ቁልፉን ልሰጣት ስል፣ ወሩ የእሷ ሆኖ ሳለ፣ እጇን ሰብስባ ሄደች።

ባለቤቴ ግቢው ውስጥ አጥሩን እየጠገነ ነበር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ፊቱ ቆምኩ።

«ሲሚንቶ አገኙበት» አልኩት።

የቱ ጋ ብሎ አልጠየቀኝም። ምስማሩን ከአፉ አወጣና መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። እምቢ አልሽ።»

«እምቢ ካልኩማ እምቢ ነው!»

«ኢሱዙው ቀረብን። ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ወርዷል፣ ዝናብ መጣ። አንቺ ክፍል ገብተሽ እያስተማርሽ ነበር። ለአንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ነው ያነሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሸዋ አለ። ድንጋይ አለ። ልጆቹ ሸራ ሥር ናቸው፤ ምን ልበል?»

ሲደነግጥ የኪራሙ ልጅነቱ አንደበቱ ላይ ይመጣል፤ ቃሉን ይስበዋል፣ ያለዝበዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ለወንድሙ መጫኑን ለብቻው ብሰማ ምናልባት ተቆጥቼ እተወው ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

«ቡና ያልከኝ አንተ ነህ» አልኩት። «እኔ ያጓራል ነው ያልኩህ። ቡና የሚለውን ቃል ያመጣኸው አንተ ነህ።»

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ያጓራል ስትይኝ ደነገጥኩ። አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት።»

«የዚያን ቀን ይሁን። ከዚያ በኋላስ? ዓመቱን ሙሉ ራት ላይ ስንቱን ስናገር አብረኸኝ አልነበርክም? አማኝ ነኝ ባይ ስትል አልነበርክም?»

«አንዴ ከተናገርኩት በኋላ በምን ልመለስ?» አለኝ።

ለብዙ ቀን ከአስፈላጊ ነገር በስተቀር አልተነጋገርንም።

እሑድ ጠዋት፣ ሳልጠይቀው ለብሶ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጊምቢ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መስሏል።

«ምን አሉህ?»

«ምሳ አበሉኝ።»

«እሱስ? ተቆጣ?»

«ጸለየልኝ።»

«ከዚያስ ተቆጣ ወይ?»

«ጸለየልኝ እኮ ነው የምልሽ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

የወንድሙ ቤት ሲያልቅ ተጠርተን ሄድን። ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ገና አልተቀባም። ልጆቹ እየሮጡ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲገቡ ሲወጡ፣ ሚስቱ ደጋግማ ስትመርቀኝ፣ ደግ የዋልኩ ያህል አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ለእሷ መኪናውን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ ተነግሯታል። ይሄንንም የነገራት ባለቤቴ ነው። ምግቡን እየበላሁ ግድግዳውን አየሁ፤ የቱ ክፍል በአባባ መኪና ጀርባ እንደመጣ ልገምት ሞከርኩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባለቤቴ ዝናብ ሊመጣ ነው ሲለኝ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ።

ዋስትናው እንዲሁ ሳይታወቅ አለቀ። የደወለ የለም፣ የጻፈ የለም። መኪናው ግን ከዚህ በላይ ሊነዳ አይችልም ነበር። ለእህቴ ደውዬ እዚሁ ላሠራው ነው ስላት፣ «ብቻሽን እንዳትወስጂው» አለችኝ። «ባልሽም እንዳይወስደው። እኔ እመጣለሁ።»

ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። የጋራዡ ባለቤት በአባባ መኪና ይቀልዱ ከነበሩት መካኒኮች አንዱ ነው። መኪናውን ሲያየው፣ «እህ፣ ሪፈሩ ተሰረዘ?» አለ። ከዚያ አባባን አስታውሶ ነው መሰለኝ ኮፍያውን አወለቀና ነፍስ ይማር አለን።

ሥራው ሲጀመር እህቴ አንድ አሮጌ ጎማ አንከባልላ መኪናው አጠገብ አስተኛችና ተቀመጠችበት። እኔንም ጠቀሰችኝ፤ ጎኗ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ሲያወጣ ቀና ብሎ አየን።

«አዴ» አለ እንደ እናት አክብሮ፣ «ወንበር ይምጣላችሁ፣ ቢሮ ግቡ።»

«እዚህ ይሻለናል» አለች እህቴ።

«ተቀምጣችሁ ልትጠብቁኝ ነው እንዴ?»

«ኤዬ» አለችው በኦሮምኛ፤ ምንም ሳታለዝብ፣ አዎ ማለቷ ነው።

ሰውዬው ሊቆጣ ወይስ ሊስቅ እንዳልወሰነ ከፊቱ ይታያል። «የአባታችሁ ልጆች!» አለና ሥራውን ቀጠለ። አዲሱ ኩሽኔታ በካርቶን መጣ። እህቴ ተቀብላ ካርቶኑን አገላብጣ አየችና፣ «አዲሱ ካርቶኑ ነው ወይስ ዕቃው?» አለችው። አውጥቶ እጇ ላይ አደረገላት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዞረችው፣ ከዚያም ለእኔ አቀበለችኝ። ስለ ኩሽኔታ የማውቀው ነገር የለም፤ እኔም ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዞርኩት። መካኒኩ ሲያየን ቆይቶ በመጨረሻ ሳቁ አመለጠው። አሮጌው ሲወጣ፣ «እሱን እዚህ አምጣው» አለች፤ ተቀብላ በጋዜጣ ጠቀለለችው። መካኒኩ ዕቃ ፍለጋ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሲሄድ ደግሞ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ሂጂ እዪው» አለችኝ፤ ተነስቼ ተከተልኩት። ምሳ የበላነውም በየተራ ነው።

ቀኑን ሙሉ እዚያ ጎማ ላይ ዋልን። ከአባባ ልቅሶ ወዲህ ያን ያህል ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ስለ ልጆቿ አወራችኝ። ባሏ አሁንም ከእኔ ጋር በስልክ ሲሆን ደህና ነኝ ብሎ እንደሚዘጋ አነሳሁባት፤ «ጊዜ ስጪው» አለችኝ። ቆይታ ቆይታ፣ «እኔም አልበረደልኝም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ።»

«እሺ» አልኳት።

ባሌስትራው እንደገና እንዲጎብጥ ተደርጎ፣ ተጨማሪ ዝርግ ገብቶለት፣ ጎማው ተመልሶ ታሰረ። ሦስታችንም ገብተን ወደ ጊምቢ መውጫ ነዳነው። መካኒኩ ከኋላ ተቀምጧል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ስናዳምጥ፣ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። «ምን ትሰማላችሁ?» አለ። ምንም አልሰማንም። እህቴ ግን ቁልቁለቱ ላይ እንደገና እንድመለስ አደረገችኝ፤ ከዚያም መስታወቱን አውርዳ አንገቷን አውጥታ አዳመጠች።

መኪናውን እሷ ይዛው እንድትሄድ ተስማማን፤ ወሩ የማን እንደሆነ ከጠፋብን ቆይቷል። ከመሄዷ በፊት ግን ሞተሩን እንዳስነሳች ወረደችና ወደ ኋላ ዞራ መዝጊያውን ከፈተች።

«ነይ እዪ» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። ሲሚንቶው ተፍቆ፣ ወለሉ ተጠርጎ ነበር።

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም።»

«ጠጋ በይ እስቲ፣ ባዶውን እንደተረከብኩ ይታይ።» ስልኳን አወጣች። መዝጊያው አጠገብ አቆመችኝ፤ ባዶው ጭነት ቦታና እኔ አብረን እንድንገባ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ፎቶ አነሳችኝ። ከዚያ መዝጊያውን ዘግታ፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ፎቶውን ጊምቢ ስትደርስ ላከችልኝ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆሜአለሁ፤ የተያዘ ሌባ ነው የምመስለው። ከሥሩ፣ «በሰላም ገብተናል፣ እስካሁን ድምፅ የለውም» ብላ ጽፋለች።